ሳቅን በክፍል መማር፦ የኮሜዲ ሥልጠና ለጀማሪ ተዋናይ የሚሰጠውና የማይሰጠው

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ ኮሜዲን ሙያው ለማድረግ የሚሻ ጀማሪ የክፍል ሥልጠና ቢወስድ ይጠቀም እንደሆነ ይመረምራል። ለመነሻ የተመረጠው በአሜሪካ፣ በተለይም በቺካጎ ከተማ የተመሠረተው የትምህርት ሥርዓት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ክፍል የሚሰጠው ዋና ነገር የመድረክ ጊዜ ሳይሆን የተብራራ ግብረ መልስና የሥራ ባልንጀራ ነው የሚል ነው። ስለሆነም የሥልጠናው ጠቀሜታ በጥቅሉ ሊወሰን አይችልም፤ የሚመዘነው ከተመረጠው የኮሜዲ ዘርፍ፣ ከሠልጣኙ ደረጃና ከክፍሉ ውጭ ካለው ተመልካች አንጻር ነው።

መግቢያ

የኮሜዲ ትምህርት ሲነሣ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይደመጣሉ። አንደኛው ቀልደኛነት አብሮ የሚወለድ ጸጋ ስለሆነ ሊማሩት አይቻልም የሚል ነው። ሁለተኛው ከሥልጠና ማዕከላት የወጡ ስመ ጥር ተዋንያንን በመዘርዘር ትምህርቱ ፍሬያማ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ሁለቱም ለጀማሪው ጥያቄ መልስ አይሆኑም። የመጀመሪያው ተሰጥኦ ቢኖርም መሞረድ እንደሚያስፈልገው ይዘነጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የተሳካላቸውን ብቻ ይቆጥራል። ጥያቄው ለጀማሪው የክርክር ማድመቂያ አይደለም። የሚከፍለው ገንዘብ፣ የሚያጠፋው ምሽትና ሊዘገይ የሚችል ሌላ የሕይወት ዕቅድ አለበት።

የሥርዓቱ አመጣጥ

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጠው የድንገቴ ትወና ማለትም የኢምፕሮቫይዜሽን ትምህርት መነሻው የንግድ ትያትር አልነበረም። ቫዮላ ስፖሊን በ1920ዎቹ በቺካጎው ሐል ሀውስ ከኔቫ ቦይድ ዘንድ የቡድን ጨዋታን ለማኅበራዊ ሥራ የማዋል ዘዴን ቀሰመች። በ1930ዎቹ መጨረሻም በመንግሥት የሥራ መርሐ ግብር ውስጥ ሆና ለሕፃናትና ለስደተኛ ቤተሰቦች የሚስማሙ የትያትር ጨዋታዎችን አዘጋጀች። ጨዋታዎቹን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1963 በመጽሐፍ አሳተመች። ልጇ ፖል ሲልስ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1955 በተቋቋመው የኮምፓስ ቡድን፣ ቀጥሎም በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመው በሰከንድ ሲቲ ትያትር ተጠቀመበት። በሌላ በኩል ኪት ጆንስተን በለንደን ሮያል ኮርት ትያትር የጀመረውን ሥራ ወደ ካናዳ ወስዶ በካልጋሪ ከተማ አሳደገው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው መጽሐፉም በተዋንያን ዘንድ በሰፊው ይታወቃል።

ይህ ታሪክ ለያዝነው ጥያቄ አንድ ቁም ነገር ያስጨብጣል። የስፖሊን ጨዋታዎች በመጀመሪያ የተነደፉት ቀልደኛን ለማፍራት አልነበረም። ዓላማቸው ተጫዋቹ የመምህሩን ሙገሳና ወቀሳ ሳይጠብቅ፣ በፊቱ ባለው ሰውና ነገር ላይ ትኩረቱን እንዲያሳርፍ ማድረግ ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ልምምዶች በቅድሚያ የሚጠበቀው ማዳመጥ፣ ለባልደረባ ሐሳብ ቦታ መስጠትና ፍርሃትን መቀነስ ነው። አስቂኝ ሐሳብ ማመንጨት የዚህ ተከታይ ውጤት ሊሆን ይችላል እንጂ ከልምምዱ ጋር አንድ አይደለም። ቀልድ መጻፍ እማራለሁ ብሎ በድንገቴ ትወና ክፍል የሚመዘገብ ሰው ቅር የሚሰኘው ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ካለማወቅ ነው።

የስመ ጥር ተመራቂዎች ማስረጃ

ቲና ፌይ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ቺካጎ ተጉዛ በሰከንድ ሲቲ ከተማረች በኋላ በ1997 የሳተርደይ ናይት ላይቭ ጸሐፊ ሆናለች። ዊል ፌረል በሎስ አንጀለሱ ግራውንድሊንግስ ሠልጥኖ ወደዚያው ፕሮግራም ገብቷል። በአንጻሩ ኤዲ መርፊ ገና በወጣትነቱ በክለቦች መድረክ ላይ በመሥራት ተነሥቷል። ስቲቭ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ግለ ታሪክ የመድረክ ዘመኑን አሥራ ስምንት ዓመት ብሎ ሲከፍለው አሥሩን ለመማር፣ አራቱን ለማጥራት፣ አራቱን ለታላቅ ስኬት ሰጥቶታል። የመማሪያው አሥር ዓመት በአብዛኛው ያለፈው በተመልካች ፊት ነው።

እንዲህ ያሉ ምሳሌዎች የሚያረጋግጡት በሁለቱም መንገድ መድረስ እንደሚቻል ብቻ ነው። የሥልጠናን ውጤት ለመለካት ተመሳሳይ ክፍል ወስደው ሙያውን የተዉትን፣ እንዲሁም ክፍል ሳይገቡ የሞከሩትን በሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ታዋቂ ማዕከላት ከሌላ ከተማ ተነሥቶ እስከመምጣት የሚደርስ ቁርጠኝነት ያላቸውን ሰዎች ይስባሉ፤ ከፍተኛውን ደረጃ ደግሞ በምርጫ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከተመራቂው ስኬት የትኛው ድርሻ ከማስተማር፣ የትኛው ደግሞ ከመምረጥ የመጣ መሆኑን በስም ዝርዝር መለየት አይቻልም።

የመድረክ ጊዜ ስሌት

የክፍልን ትርፍ ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ይረዳል። አሥራ ስድስት ተማሪዎች ያሉት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሰዓት የሚሰበሰብና ለስምንት ሳምንት የሚቆይ ክፍል ይታሰብ። ከጊዜው ግማሹ ለማሟሟቂያና ለማብራሪያ ቢውል፣ በቀረው 90 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሰው ቢሠራ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ቀን ከ11 ደቂቃ ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ በስምንቱ ሳምንት በድምሩ 90 ደቂቃ ይሆናል። በሌላ በኩል አንድ ጀማሪ በሳምንት ሁለት ምሽት ለማንም ክፍት በሆነ መድረክ አምስት አምስት ደቂቃ ቢያቀርብ በተመሳሳይ ጊዜ 80 ደቂቃ ይሠራል። ተራውን ለመጠበቅ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢወስድበት ያጠፋው ጊዜ 32 ሰዓት ነው፤ የክፍሉ 24 ሰዓት ነው።

ስለዚህ በመድረክ ጊዜ ብዛት ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በሚገኘው ግብረ መልስ ዓይነት ነው። ክፍት መድረክ ቀልዱ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ወዲያው ያሳያል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። መምህር ምክንያቱን ይናገራል፤ የማያውቀውን ተመልካች ምላሽ ግን ሊተካ አይችልም። ክፍያው በእርግጥ የሚከፈለው ለዚህ ማብራሪያ ነው። መምህሩ «ጥሩ ነው» ወይም «አልሠራም» ከማለት የማያልፍ ከሆነ ተማሪው የገዛው ከክፍት መድረክ ያነሰ ነገር ነው።

የክፍል ጓደኞች ሳቅም በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ሮበርት ፕሮቫይን በሳቅ ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች ሰዎች ለብቻቸው ካሉበት ይልቅ ከሌሎች ጋር ሲሆኑ በ30 እጥፍ ገደማ እንደሚስቁ፣ በዕለት ተዕለት ጨዋታ ሳቅን ከሚቀድሙት ንግግሮች መካከልም ቀልድ ሊባሉ የሚችሉት ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ሳቅ የመቀራረብ ምልክት ከሆነ፣ ለስምንት ሳምንት አብረው የፈሩና የተበረታቱ ሰዎች ሳቅ የቀልዱን ጥራት አጋንኖ ያሳያል። በምረቃ ምሽት ወንበሩን የሚሞሉት ዘመድ ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው። የክፍል ሳቅ ለድፍረት ይጠቅማል፤ ለሚዛን ግን አይበቃም።

የልምምድ ጥናቶች ምን ያመለክታሉ?

አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ጥናት የላቀ ችሎታን ዓላማ ካለው ልምምድ ጋር አያይዘውታል፤ ልምምዱ የተለየ ተግባር፣ ፈጣን ግብረ መልስና ድግግሞሽ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲተነትኑ፣ እንዲህ ያለው ልምምድ በሰዎች መካከል ከሚታየው የብቃት ልዩነት የሚያብራራው በጨዋታ 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሙያ ሥራዎች ከአንድ በመቶ በታች ነበር። ሁኔታው አስቀድሞ ለመገመት አስቸጋሪ በሆነ መጠንም የልምምዱ ድርሻ ይቀንሳል።

ተመልካቹ በየምሽቱ የሚለዋወጥበት ኮሜዲ ለግምት ከሚያስቸግሩት ወገን መሆኑን መገመት ይቻላል። ይህ ማለት ግን ልምምድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከኮሜዲ ክፍሎች መካከል ሊደጋገሙ የሚችሉት፣ ለምሳሌ የቀልድን መግቢያ ማሳጠር፣ ድምፅን መቆጣጠር፣ የትዕይንቱን ዋና ሐሳብ ለይቶ ማውጣት፣ በክፍል በደንብ ይሠለጥናሉ። የማይታወቅን ተመልካች ስሜት ማንበብ ግን ያን ተመልካች ይፈልጋል። ፌልስማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናትም ከሃያ ደቂቃ የድንገቴ ትወና ልምምድ በኋላ ልዩ ልዩ ሐሳብ የማመንጨትና እርግጠኛ ያልሆነን ሁኔታ የመታገሥ መሻሻል ማየቱን ዘግቧል። ውጤቱ ለክፍሉ የሚመሰክር ቢሆንም፣ በሙያው መቀጠርን ወይም አዳራሽ ማሳቅን አልለካም።

የዘርፍ ልዩነት

የኮሜዲ ዘርፎች ከክፍል የሚያገኙት ጥቅም እኩል አይደለም። ድንገቴ ትወና በባሕርዩ የቡድን ሥራ ነው፤ ለብቻ ሊለማመዱት አይቻልም፤ አብሮ የሚሠራ ሰው የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ነው። አጫጭር አስቂኝ ድራማም ረቂቁን የሚያነቡለትና የሚተውኑለት ባልደረቦች ስለሚያሻው ከክፍል ብዙ ይጠቀማል። ለብቻ የሚቀርበው ስታንድአፕ ግን ብዕር፣ ማስታወሻና ተመልካች ከተገኘ ሊጀመር ይችላል፤ በዚህ ዘርፍ አንድ የመግቢያ ክፍል ፍርሃትን ለመስበርና የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ለማዘጋጀት ሊረዳ ቢችልም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል በመድረክ ላይ ሊውል የሚገባውን ምሽት መውሰድ ይጀምራል።

ክፍያና የተቋማት ጥቅም

ትምህርቱን የሚሰጠው ተቋም የመድረኩም ባለቤት በሚሆንበት ጊዜ ተማሪው ደንበኛም ዕጩ ተዋናይም ይሆናል። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1999 ትያትር የከፈተው አፕራይት ሲቲዝንስ ብርጌድ ሰፊ የሥልጠና ማዕከል ሲኖረው በመድረኩ ለሚጫወቱት በአብዛኛው ክፍያ አለመስጠቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በአደባባይ አከራክሯል። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ በሎስ አንጀለስ ኮሜዲ ስቶር ቀልደኞች በክፍያ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1979 የሥራ ማቆም አድማ መትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ዘመን አፕራይት ሲቲዝንስ ብርጌድ የኒውዮርክ ቤቶቹን ሲዘጋ፣ የቺካጎው አይኦ ትያትርም ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በአንድ ቤት መሰላል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ጀማሪ መሰላሉ ሲነሣ የሚይዘው እንደማይኖረው ይህ ያሳያል። ተቋሙ ተማሪው ሌላ ደረጃ እንዲወስድ የሚገፋፋ የገቢ ምክንያት ስላለው «ቀጣዩን ክፍል ውሰድ» የሚለው ምክር ከሌላ ወገን አስተያየት ጋር መመዛዘን ይኖርበታል።

ለአማርኛ ኮሜዲ የሚኖረው ትርጉም

የፈጠራ ጨዋታ በደረጃ ሊሠለጥን መቻሉ ለኢትዮጵያ ባህል እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረዘሙት የቅኔ ዓይነቶች ይሸጋገራል፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የተለየ ተግባር፣ ፈጣን እርማትና ድግግሞሽ በአንድነት ይገኛሉ። ቅኔው ደግሞ በጉባኤ ፊት ሲቀርብ ይፈተናል። ክፍልንና አደባባይን ያጣመረው ይህ ሥርዓት ለኮሜዲ ሥልጠናም ጥሩ አብነት ነው።

ከውጭ የመጣ የክፍል መመሪያ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። የእንግሊዝኛ ቀልድ አስተማሪዎች አስገራሚው ቃል በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። በአማርኛ የመጨረሻው ቦታ በተለምዶ የግሡ ነው። ይህም ችግርም ዕድልም ነው፤ አስገራሚው ስም ከግሡ ቀድሞ ምስጢሩን ሊያወጣ ይችላል፤ በሌላ በኩል ድርጊቱና አዎንታ አሉታው ሳይቀር እስከ መጨረሻ ሊሰወር ይችላል። ደግሞም በጽሑፍ አንድ ዓይነት የሆነው «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ በወረቀት ላይ የሚሠራው ኅብረ ቃል በመድረክ ላይ አንዱን ድምፅ ለመምረጥ ይገደዳል። በአማርኛ ለመሥራት የሚያስብ ሠልጣኝ ከክፍል ሊጠይቅ የሚገባው እንዲህ ያለውን በቋንቋው ላይ የተመሠረተ ልምምድ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ አራት መመዘኛዎች ይጠቃለላሉ። አንደኛ፣ የተመረጠው ዘርፍ ባልደረባን የሚጠይቅ ከሆነ ክፍል ጠቃሚ ነው፤ ለብቻ የሚሠራ ከሆነ አጭር መግቢያ ይበቃል። ሁለተኛ፣ መምህሩ የአንድን ቀልድ መክሸፍ ምክንያት ለይቶ የሚያሳይና ተማሪው ወዲያው ደግሞ እንዲሞክር የሚያደርግ መሆን አለበት፤ ይህን አንድ ቀን በክፍሉ ተገኝቶ በማየት መለየት ይቻላል። ሦስተኛ፣ በክፍሉ ዘመን ተማሪው ከማያውቁት ሰዎች ፊት በየሳምንቱ የሚቆምበት መድረክ ሊኖር ይገባል። አራተኛ፣ ክፍያው የመድረክ ምሽቶችን ወይም የዕለት ኑሮን የሚያሳጣ ከሆነ ሥልጠናው ቢዘገይ ይመረጣል።

እነዚህ ሲሟሉ ክፍል የጀማሪውን መንገድ ያሳጥራል፤ ሳይሟሉ ግን የመሥራት ስሜትን እየሰጠ ሥራውን ሊያዘገይ ይችላል። የመጀመሪያውን ደረጃ የጨረሰ ሠልጣኝ ቀጣዩን ከመመዝገቡ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄም ከዚህ ይወጣል፦ በክፍል የተማረውን የትኛውን ነገር በማያውቀው ተመልካች ፊት ሞክሮ ለውጥ አይቷል? መልስ ካለው ክፍሉ ሠርቷል፤ ከሌለው የሚያስፈልገው ሌላ ክፍል ሳይሆን መድረክ ነው።