ምርት እርሻው ላይ አያልቅም

ልጄ፣ ኢኮኖሚክስ መማር መጀመርህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ጭንቅላት አለህ፤ ግን ትርጉሙን ሸምድደህ ነገሩን ሳታየው ማለፍ ትወዳለህ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከቡና ጋር ነውና በቡና ልንገርህ።

1. ማምረት ከምንም ተነሥቶ መፍጠር አይምሰልህ። የሰው ሥራ ያለውን ነገር ይበልጥ የሚጠቅም ማድረግ ነው። ዛፉ ላይ ያለ እሸት ቡና ጠጪ የለውም። ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ነው ሲኒ የሚደርሰው። በየመሐሉ ጥቅም የጨመረበት ሰው ሁሉ አምራች ነው።

2. የምርትን ሦስት ደረጃዎች ለይተህ እወቅ፤ አንዱንም ግን አትናቅ። ገበሬው ከመሬት ያወጣል፤ ይህ አንደኛው ነው። የሚፈለፍለው፣ የሚያጥበውና የሚቆላው መልኩን ይለውጣል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ሾፌሩ፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ባንኩና ነጋዴው ሦስተኛው ናቸው። «እነዚህ ደግሞ ምን አመረቱ?» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው። የይርጋጨፌ ቡና ጅቡቲ ወደብ ካልደረሰ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ምን ያደርግለታል? ቡና የሚለቀመው በጥቂት ወራት ነው፤ የሚጠጣው ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሆነ፣ በደረቅ መጋዘን ያቆየውም ሰው አምርቷል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም አንድ ፍሬ ቡና አይተክልም፤ ናሙና መርምሮ ደረጃ በመስጠቱ ግን ገዢና ሻጭ በአንድ መለኪያ እንዲነጋገሩ አድርጓል። ያመነ ገዢ ደህና ዋጋ ይከፍላል።

3. ለቤት የሚመረተውን ከሒሳብህ አታውጣ። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ ነው። ከጓሮዋ ለቅማ፣ አድርቃና ቆልታ ለጎረቤት የምታፈላው እናት ደረሰኝ የላትም። ገበያ ስላልወጣ አልተመረተም ካልክ የእናትህን ድካም ሁሉ ዜሮ አደረግኸው።

4. ግብዓቶቹን አንድ ላይ ቁጠር፤ መሬት፣ ጉልበት፣ ካፒታል፣ እነዚህን የሚያቀናጅም ሰው። ካፒታል ሲባል የመፈልፈያውን ማሽን፣ የማጠቢያውን ገንዳ፣ የማድረቂያውን አልጋ አስብ። ገንዘብ ግን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲከርም አንድ እሸት አይፈለፍልም።

5. ብዛት አያታልልህ። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይፈልጋል። ያንን ለመሙላት ብሎ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር የሚቀላቅል ለቃሚ ጆንያውን ያከብዳል፤ ዋጋውን ግን ያቀልላል። ጥድፊያም ቸልታም በየደረጃው ያስከፍላል፦ ገንዳ ውስጥ ከልኩ በላይ የቆየ ይሸታል፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይወርድ የተከዘነ ይሻግታል። ዛፉ ራሱ ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ያን ሁሉ ጠብቆ በመጨረሻዋ ሳምንት መቸኮል በገዛ ድካም ላይ መፍረድ ነው። ኅዳር ላይ ለቀማ ሲደራ ና፤ ከለቃሚዎቹ ጋር ውለህ፣ ማታ ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመህ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ለይ። ከዚያ መጽሐፍህን እንደገና ክፈት።