ፍግን ከማሳ ሳያሳልፉ መበተን፦ ወንዝና ምንጭ አጠገብ ለሚያርሱ

ጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ ከታየበት እ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ስለ አረሙ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ቀለቡ ግን የተባለው ትንሽ ነው። እምቦጭን የሚያፋፋው ውሃ ውስጥ የገባ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ነው። ጤፉንና በቆሎውን የሚያፋፉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። እንግዲህ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭ ወይም በግልገል ዓባይ በኩል ታጥቦ ሐይቁ የደረሰ ፍግ ከአንድ ገበሬ ማሳ የጠፋ ማዳበሪያ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ፍጉን አፈር ውስጥ ያስቀረ ሰው ውሃውንም ጠብቋል፣ ለውሃው ተብሎ የሚጨመር ልፋት እምብዛም የለም።

«ፍጉ መቼ ተረፈንና ነው ውሃ የሚበክለው?» የሚል ይኖራል። ቀላል ክርክር አይደለም። በደጋው ብዙው እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ የቀረው ከጓሮ አያልፍም። የአውሮፓ ኅብረት ውሃቸው ለብክለት በተጋለጠ አካባቢዎች በዓመት በሄክታር ከ170 ኪሎ ናይትሮጂን በላይ በፍግ እንዳይጨመር የወሰነው ከመጠን ያለፈ ፍግ ስላለው ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ትርፍ የለም። ነገር ግን ምንጭና ጅረት የሚበከሉት በአገሩ የፍግ ድምር አይደለም፣ አንድ ቦታ በተከመረው ነው። አዛባው በየማለዳው ተጠርጎ ቦረቦር አፋፍ ላይ የሚደፋ ከሆነ የዓመቱን ክምር አንድ የሰኔ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ጥቂት ፍግ ላለው ሰው ደግሞ የዚያ ጥቂት መታጠብ ይበልጥ ያከስረዋል።

ስለዚህ ሥራው ከክምሩ ይጀምራል። ቦታው ደልዳላ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ የራቀ፣ ከእነሱም ሽቅብ ያልሆነ ይሁን። በላይኛው በኩል ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር፤ ክምሩ ሣር ወይም ላስቲክ ይልበስ። በረቱ ወለል ላይ ገለባ መጎዝጎዝ መረሳት የለበትም፤ ከብት ከምታስወጣው ናይትሮጂን ግማሽ ያህሉ በሽንቷ ስለሆነ ገለባ ያልጠጣው ሽንት ባክኖ ይቀራል። እርጥበቱን ለማወቅ ከክምሩ መሃል አንድ እፍኝ አንስቶ መጭመቅ ይበቃል። በጣቶች መካከል ውሃ ከተንጠባጠበ ገለባ ይጨመርበት፤ ቡን ብሎ ከተበተነ ውሃ ይርከፍከፍበት፤ ቅርጹን ይዞ መዳፍን ብቻ ካረጠበ ልኩ ነው። ከዚያ ረጅም ዱላ መሃሉ ላይ ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ መንቀል ነው። ጫፉ እጅ የሚፈጅ ከሆነ ክምሩ እየበሰለ ነው። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለቀናት ሲቆይ አብዛኞቹን የበሽታ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች ይገድላል። የውጪው ግን ስለማይሞቅ፣ ክምሩ ሲቀዘቅዝ ውጪውን ወደ ውስጥ እያደረጉ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ፍጉ ከመጫኑ በፊት ማሳውን ዞሮ ማየትና የማይነካውን መሬት መለየት ይቀጥላል። በእንግሊዝ ሕግ ከወንዝና ከጅረት ዳር 10 ሜትር፣ ከምንጭና ከጉድጓድ 50 ሜትር ድረስ ፍግ አይበተንም። ይህን ልክ ለደልዳላ መሬት እንደ ዝቅተኛው ርቀት መያዝ ይሻላል፤ ተዳፋት ላይ መስፋት አለበት። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ክፍል ግን ርቀት ብቻውን አያድንም፤ እዚያ ፍጉ ውሃው ከሸሸ በኋላ ለሚዘራው ሰብል ይቆይ። መጠኑን በተመለከተ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ በሄክታር 10 ቶን ይሆናል። አህያ 50 ኪሎ ያህል ከጫነ ሩብ ሄክታር 50 ጭነት ይፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ነው፤ ላልበቃው ገበሬ በየዓመቱ አንድ አንድ ቁራሽ እያዳረሱ መሄድ ይሻላል። ጓሮውን ብቻ ዓመት ከዓመት መቀለብ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ሩቁ ማሳ ይራባል፣ በጓሮው አፈር ደግሞ ሰብሉ የማይጨርሰው ፎስፎረስ ይከማቻል።

የሚበተንበት ቀን ከሁሉም ይበልጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዶፎች አፈሩን ጠርገው የሚወስዱት ያኔ ነው። ፍጉን ቀድሞ አጓጉዞ በማሳው ላይ በትናንሽ ቁልል ለሳምንታት ማቆየት የተለመደ ነው፤ ጉልበት እንደሚያቃልልም አይካድም፣ ምክንያቱም በእርሻ ቀን በሬም ሰውም አህያም በአንድ ላይ አይገኙም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ፀሐይ የሚመታው ቁልል ናይትሮጂኑን አሞኒያ አድርጎ ለነፋስ ይሰጣል፣ የተረፈውን ጎርፍ ይወስዳል። መካከለኛው መንገድ ቀድሞ የተጓጓዘውን ከማሳው ራስ፣ ከውሃ መውረጃ ርቆ፣ አንድ ላይ ከምሮ ማልበስ ነው። ከዚያ የመጨረሻው እርሻ በሚታረስበት ጠዋት በመንሽና በአካፋ እየበተኑ፣ በሬዎቹ ከኋላ እየተከተሉ ማረሻው ያልብሰው። በደጋው ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል ከቀትር በፊት የሚታረሰውን ያህል ብቻ መበተን ነው። አፈሩ ውሃ ከተኛበት፣ ወይም ሰማዩ በጠዋቱ ከጠቆረ፣ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ የበጋው ስንጥቅ ሳይዘጋ የረጠበ ፍግ መድፋት ፈሳሹን በስንጥቁ ወደ ታች መስደድ ነው።

ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ፈሰስ ሰብሉን ከውሃ መተኛት ያድናል፤ የታጠበውን ፍግ በቀጥታ ጅረት የሚያደርሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኙ ከፍግ ነፃ ይሁን፣ አፉም ቦረቦር ላይ ሳይሆን ሣር ላይ ይከፈት። በጅረቱ ዳር ደሾ ወይም ቬቲቨር መትከል ለዚህ ይጠቅማል፤ ሣሩ ጎርፉን አዝግሞ አፈሩን ያስቀራል። «መሬቴ ጠባብ ነው፣ ለሣር የምተወው የለኝም» የሚለው ቅሬታ ልክ ነው፤ ሆኖም ደሾ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል፣ ከብቷም መኖዋን በፍግ ትመልሳለች። ሐይቁን የሚጎዳው የከተማ ፍሳሽና የሚሸረሸር አፈር ነው የሚሉም አልተሳሳቱም። ፎስፎረስ ግን በብዛት የሚጓዘው በአፈር ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ስለሆነ፣ ፍግን የሚያስቀረው እርከንና ሣር የሚሸረሸረውንም አፈር ይይዛል።

ሰላጣና ካሮት የሚያለማ ሰው ያልበሰለ ፍግ ከአትክልቱ ያርቅ፤ የአሜሪካ የተፈጥሮ እርሻ ደንብ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል ከብተና እስከ ለቀማ 120 ቀን ይጠይቃል። ለእህሉ ግን የሚጠየቀው ጊዜ ከዚህ ያጠረ ነው። ክምርዎ ዛሬ ከጅረት ወይም ከምንጭ አጠገብ ካለ፣ ሰኔ ሳይገባ ያንሱት።