የደንበኛ ማስታወሻንና የፍሪላንስ ሥራን ለመመዝገብ ሶፍትዌር መምረጥ፦ በአማርኛ ለሚሠሩ ተርጓሚዎች የቀረበ መመዘኛ

መግቢያ

በግሉ የሚሠራ ተርጓሚ ሠራተኛም፣ ሒሳብ ያዥም፣ መዝገብ ቤትም ራሱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የአንዱን ደንበኛ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሌላውን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሦስተኛውን የጥናት ሪፖርት ይተረጉማል። ዋጋውን በስልክ ይስማማል፤ ማስተካከያውን በቴሌግራም ይቀበላል፤ ክፍያው በባንክ ይገባለታል። ስለዚህ የአንድ ሥራ ታሪክ በሦስትና በአራት ቦታ ተበትኖ ይቀራል። ይህን ለመሰብሰብ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው፤ አስቸጋሪው ከእነርሱ መካከል መምረጡ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንድ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው ከትምህርቱ ጎን ለጎን የትርጉም ሥራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ደንበኛ ከዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰና ቀድሞ የተስማማነው በገጽ እንጂ በቃላት ቁጥር አልነበረም ሲል ተከራከረ። ስምምነቱ በማስታወሻ ሰፍሮ ነበር፤ በተፈለገ ጊዜ ግን አልተገኘም። የደንበኛው ስም ሲመዘገብ በ‹ሠ›፣ ሲፈለግ በ‹ሰ› በመጻፉ ሶፍትዌሩ ምንም እንዳላገኘ አስታወቀ። የዋጋው ልዩነት በተርጓሚው ላይ ወደቀ። ማስታወሻው የተገኘው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚነሣው የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። ሶፍትዌር ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ «ስንት ነገር ይሠራል?» የሚለው ሊሆን አይገባም። ቀዳሚዎቹ ጥያቄዎች «ያስገባሁትን በፈለግሁ ጊዜ ያስገኝልኛልን?» እና «በምለቀው ጊዜ መዝገቤን በሙሉ ይመልስልኛልን?» የሚሉት ናቸው። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በማስታወቂያዎች ላይ አይገኝም፤ በሙከራ ብቻ ይታወቃል።

መዝገቡ ምን መያዝ ይኖርበታል?

ሶፍትዌርን ከመምረጥ በፊት መዝገቡን መንደፍ ይቀድማል። ለአንድ ተርጓሚ ሦስት ሠንጠረዦች ይበቃሉ፦ የደንበኞች፣ የሥራዎችና የክፍያዎች። አንድ ደንበኛ ብዙ ሥራ፣ አንድ ሥራም ቅድሚያና ማጠቃለያን የመሰለ ከአንድ በላይ ክፍያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሦስቱን በአንድ ረድፍ ማጨቅ ውሎ አድሮ ስሕተት ይወልዳል። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ለእያንዳንዱ ደንበኛና ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው።

በሥራዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ዓምድ የዋጋ መለኪያው ነው። በአማርኛ መስተዋድድና ተውላጠ ስም ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ፣ «ከቤታችን» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ሦስት ቃላት ይሆናል። አንድ ሰነድ በምንጩ ቋንቋ ሲቆጠርና በተተረጎመበት ቋንቋ ሲቆጠር የሚሰጠው ቁጥር የተለያየ ነው። ቃላት በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ተለይተው በተጻፉበት ጽሑፍ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታን ብቻ የሚያይ ቆጣሪ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ «በቃል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል።

በክፍያዎች ሠንጠረዥም ገንዘቡ በምን ዓይነት እንደተከፈለና በዕለቱ የነበረው ምንዛሪ መስፈር አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ተዋውሎ በብር የሚቀበል ሰው የዕለቱን ተመን ሳይመዘግብ የዓመት ገቢውን በትክክል ሊያሰላ አይችልም።

ፈተና አንድ፦ ፊደል

በአማርኛ ‹ሀ፣ ሐ፣ ኀ›፣ ‹ሰ፣ ሠ›፣ ‹አ፣ ዐ›፣ ‹ጸ፣ ፀ› በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። በዩኒኮድ ‹ሠ› 1220፣ ‹ሰ› 1230፣ ‹ጸ› 1338፣ ‹ፀ› 1340 የሚሉ የተለያዩ መለያዎች አሏቸው። ተራ የፍለጋ መሣሪያ መለያዎቹን እንጂ ድምፁን አያነጻጽርም።

ችግሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ በአንድ ስም ማየት ይቻላል። «ኃይለ ማርያም» የሚለው ስም የመጀመሪያ ድምፁ በ‹ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ› በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ክፍል «ማርያም» ወይም «ማሪያም» ይሆናል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው ወይም ተጣብቀው ይጻፋሉ። በድምሩ 24 አጻጻፎች ይገኛሉ ማለት ነው፤ ከእነዚህ መካከል አንዱን የተየበ ፈላጊ ሃያ ሦስቱን ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ የፍለጋ ዓምድ ማዘጋጀት ነው። ይህ ግን ቀላል አይደለም፤ ‹ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ› እያንዳንዳቸው በሰባቱ የፊደል እርከኖች ሲተኩ ብቻ 35 የመተኪያ ደንቦች ያስፈልጋሉ። ሁለተኛውና የሚቀለው፣ ደንበኛን በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ወይም በስልክ ቁጥሩ መፈለግ ነው። ስለዚህ መለያ ቁጥርን በጉልህ የማያሳይ ወይም በእርሱ ለመፈለግ የማያስችል ሶፍትዌር ለዚህ ሥራ ደካማ ነው።

ከፊደል ጋር የሚሄደው የስም አደረጃጀት ነው። ብዙ የደንበኛ ግንኙነት ሶፍትዌሮች ስምን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለው ይከፍላሉ። በእኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ፣ በቤተሰብ ስም የሚደረድር ሶፍትዌር ደንበኞቹን በአባታቸው ስም ይደረድራቸዋል። ሙሉ ስምን በአንድ ሳጥን የሚቀበል መሣሪያ ይመረጣል።

ፈተና ሁለት፦ ቀን

የተለመዱት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች የቀን ዓምድ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሠራ ነው። አደጋው ሶፍትዌሩ የእኛን ቀን አለመቀበሉ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ በዝምታ መቀበሉ ነው። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት 5/1/2017 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቀንን ከወር አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ይመዘገብለታል። ትክክለኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ሆኖ ሳለ ምንም ማስጠንቀቂያ አይታይም። በአንጻሩ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በ30/2/2017 ቢጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጣል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል።

ከዚህ ለመውጣት ሁለት ዓምዶችን መያዝ ይመከራል። በአንደኛው የኢትዮጵያ ቀን ከዓመት ጀምሮ ወደ ወርና ወደ ቀን በመውረድ «2017-01-05 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፋል። «ዓ.ም.» የሚለው ጭማሪ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ወደ ቀን እንዳይለውጠው ያግዳል፤ አጻጻፉም በፊደል ተራ ሲደረደር የጊዜውን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። 13ኛው ወር ጳጉሜንም ያለ ችግር ቦታውን ይይዛል። በሁለተኛው ዓምድ የጎርጎርዮሳዊው ቀን ይገባል፤ በሁለት ቀናት መካከል ያለውን ርቀት ማስላት በዚህ ይከናወናል። የመጀመሪያው ዓምድ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመት ለመለየት፣ ሁለተኛው በውጭ አገር ካለ ደንበኛ ጋር የማስረከቢያ ቀንን ለመቁረጥ ያገለግላሉ።

ፈተና ሦስት፦ መውጫ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845፣ በሌላ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር፣ ከውል የሚመነጭ ክስ በይርጋ የሚታገደው በአሥር ዓመት መሆኑን ይደነግጋል። የስምምነት ማስታወሻ ለዚህን ያህል ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል ማለት ነው። የሶፍትዌር ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ዉንደርሊስት የተባለው የታወቀ የሥራ መዝጋቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ተገዝቶ በሜይ 2020 ተዘግቷል። ኤቨርኖት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የነጻ ተጠቃሚዎቹን በ50 ማስታወሻዎች ገድቧል። ዛሬ በነጻ የተገኘ ነገር ነገም በዚያው ሁኔታ ይቀጥላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ መዝገቡን በሌላ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ቅርጽ ማውጣት መቻሉ ሊፈተን ይገባል። የተለመደው ቅርጽ ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ሲ.ኤስ.ቪ. ነው። በዚህም ላይ ለአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። በኤክሴል ላይ ፋይል ሲቀመጥ «ሲ.ኤስ.ቪ. ዩ.ቲ.ኤፍ.-8» የሚለው ካልተመረጠና ተራው ሲ.ኤስ.ቪ. ከተመረጠ፣ የግእዝ ፊደላት በጥያቄ ምልክት ይተካሉ፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ከጥያቄ ምልክቱ ፊደሉን መመለስ አይቻልም። በአንጻሩ በትክክል የወጣ ፋይል ሲከፈት የማይነበቡ ምልክቶች ቢያሳይ፣ ጉዳቱ የአከፋፈት እንጂ የፋይሉ ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ አለማወቅ የዓመታት መዝገብ ያስጠፋል።

ፈተና አራት፦ ምስጢርና ተደራሽነት

ተርጓሚ የፍቺ ውሳኔን፣ የሕክምና ማስረጃን፣ የጉዲፈቻ ሰነድን ያነባል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሌሎችን የግል መረጃ ለሚይዙ ሁሉ ጉዳዩን የሕግ ጉዳይ አድርጎታል። ከዚህ አንጻር በደንበኛ ማስታወሻ ውስጥ ለሥራውና ለክፍያው የሚያስፈልገው ብቻ ይግባ፤ የሰነዱ ይዘት አይገባም። ክላውድ ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ከተመረጠ፣ ፋይሉ በአገናኝ ለማንም ክፍት አለመሆኑና የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መብራቱ ይታይ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጡበት ሁኔታ ደግሞ መዝገቡ ያለ ኢንተርኔት መከፈት መቻሉ ተጨማሪ መመዘኛ ነው።

የሶፍትዌር ዓይነቶች በመመዘኛው ሲታዩ

እንደ ኤክሴልና ጉግል ሺትስ ያሉ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ሦስቱን ሠንጠረዦች በሚገባ ይይዛሉ፤ መውጫቸውም ሰፊ ነው። ድክመታቸው ረዘም ላለ ማስታወሻ አለመመቸታቸውና ስሕተትን በቀላሉ ማስገባታቸው ነው። ኦብሲዲያን ማስታወሻዎችን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ በመውጫና ያለ ኢንተርኔት በመሥራት ጠንካራ ነው፤ ለሒሳብ ግን አልተሠራም። ኖሽን ማስታወሻንና ሠንጠረዥን ያጣምራል፤ ነገር ግን በመሠረቱ በክላውድ ላይ የቆመ ነው። ትሬሎ ሥራው ተጀመረ፣ በእርማት ላይ ነው፣ ተረከበ የሚሉትን ደረጃዎች ለማየት ምቹ ሲሆን የክፍያ መዝገብ ሊሆን አይችልም። ቶግል በሰዓት ለሚከፈለው ይጠቅማል፤ በቃላት ቁጥር ለሚከፈለው ግን የሥራውን ፍጥነት ከማሳወቅ ያለፈ ፋይዳ የለውም። እንደ ሀብስፖትና ዞሆ ያሉት የደንበኛ ግንኙነት ሶፍትዌሮች የተሠሩት ብዙ ሻጮች ላሉት ድርጅት ስለሆነ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚሞሉ ሳጥኖችን ያበዛሉ።

የሙከራ አካሄድ

ከመወሰን በፊት በአሥር የተፈጠሩ ደንበኞች የአንድ ቀን ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ከአሥሩ ሦስቱ ድምፀ ተመሳሳይ ፊደል ያለው ስም ይኑራቸው፤ አንዱ ሥራ በጳጉሜን የሚያልቅ፣ አንዱ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ይሁን። መዝገቡ ከገባ በኋላ አንድን ስም በሌላ ፊደል መፈለግ፣ ያልተከፈሉትን በቀን ተራ መደርደር፣ ኢንተርኔት አቋርጦ መክፈት፣ በመጨረሻም ሁሉንም አውጥቶ በሌላ ፕሮግራም መክፈት ነው። አሥሩም ደንበኞች ከነፊደላቸውና ከነቀናቸው ካልተመለሱ፣ ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ለዋና መዝገብነት አይመረጥም።

ማጠቃለያ

ብቻውን ለሚሠራና በአማርኛ ለሚመዘግብ ተርጓሚ፣ ሦስት ሠንጠረዦች ያሉት አንድ የሠንጠረዥ ፋይልና በመለያ ቁጥር የተሰየሙ ተራ የጽሑፍ ማስታወሻዎች በቂ መነሻ ናቸው። ሌላ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ሥራውን ከሌሎች ጋር መከፋፈል ሲጀመር ወይም የሰዓት ሒሳብ ግድ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም መዝገቡ የተነደፈ ስለሆነ ማዛወሩ ቀላል ይሆናል። በየወሩ መጨረሻ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ አውጥቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ቅጂውንም ከፍቶ ማረጋገጥ ከማንኛውም ምርጫ ጋር አብሮ ሊሄድ ይገባል። በመግቢያው የተጠቀሰው ተርጓሚ ያጣው ሶፍትዌር አልነበረም፤ ደንበኛው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ ማስታወሻውን የሚያስገኝለት አንድ መለያ ቁጥር ነበር።