በማሰሻ ማሻሻያ ወቅት የሚቀርብ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ጥያቄ፦ መንስኤውና አፈታቱ በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች

በጋራ መገልገያ ኮምፒውተሮች ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ሁኔታ አለ። ተማሪው የድረ ገጽ ማሰሻውን ሲከፍት ማያው ይደበዝዝና ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠየቃል፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልም እንዲገባ ይደረጋል። ቃሉን የማያውቀው ተማሪ ጥያቄውን ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠውም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ መልኩ ማሰሻው ለወራት ሳይታደስ ይቆያል። አዳዲስ እትሞች የደኅንነት ክፍተቶችን ይደፍናሉ፤ የተደፈኑት ክፍተቶች ምንነትም ከእትሙ ጋር ይፋ ስለሚሆን፣ ያልታደሰ ማሰሻ ደካማ ጎኑ በአደባባይ የታወቀ ማሰሻ ነው።

መንስኤው ማሰሻው ከተጫነበት ቦታ ይመነጫል። ለሁሉም ተጠቃሚዎች የተጫነ ማሰሻ «ፕሮግራም ፋይልስ» በተባለው አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል፤ መደበኛ ተጠቃሚ በዚያ አቃፊ ያለውን ፋይል ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ አስተዳዳሪው ራሱ በተቀነሰ ሥልጣን ይሠራል፤ ሙሉ ሥልጣኑ የሚሰጠው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥያቄው ዓይነት ለባለሙያው ፍንጭ ይሰጣል። «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ከተባለ መለያው የአስተዳዳሪ ነው፤ የይለፍ ቃል ከተጠየቀ የመደበኛ ተጠቃሚ ነው።

ሞዚላ ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፋየርፎክስ 12 ጋር የመጣው የጥገና አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ አንድ ጊዜ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ማሻሻያ ሲደርስ ማሰሻው አገልግሎቱን ይቀሰቅሳል፤ አገልግሎቱም የማሻሻያ ፕሮግራሙ የሞዚላን ዲጂታል ፊርማ መያዙን አረጋግጦ በከፍተኛ ሥልጣን ያስፈጽመዋል። ተጠቃሚው የሚጠየቀው ነገር የለም። እንግዲህ በፋየርፎክስ ጥያቄው ከተደጋገመ በመጀመሪያ መታየት ያለበት አገልግሎቱ መኖሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንነቱን ያላወቀ ሰው አጥፍቶት ወይም አግዶት ይገኛል። ቀጥሎ በማሰሻው ቅንብር ውስጥ ማሻሻያን በዳራ አገልግሎት የመጫን ምርጫ መብራቱ ይረጋገጣል። እርግጥ አገልግሎቱም ከጉድለት ነጻ አልነበረም፤ ሥልጣንን ያለ አግባብ ለማሳደግ የሚያስችሉ ክፍተቶች በተለያዩ ጊዜያት ተገኝተውበት ታርመዋል።

ክሮምም ለሁሉም ተጠቃሚዎች ሲጫን ተመሳሳይ የማሻሻያ አገልግሎት ይጠቀማል። ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ሲጫን ግን በተጠቃሚው የግል አቃፊ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሣም። ይህ ለግል ኮምፒውተር አመቺ ነው። በቤተ ሙከራ ግን እያንዳንዱ መለያ የየራሱን ቅጂ ይይዛል፤ ባለቤቱ ዳግም ያልገባበት ቅጂም በአሮጌ እትሙ ይቀራል። ከዚህም ሌላ በተጠቃሚው ስም የሚሠራ ማንኛውም ጎጂ ፕሮግራም የማሰሻውን ፋይሎች መለወጥ ይችላል።

በተግባር የሚወሰዱት አቋራጮች ከችግሩ የባሱ ናቸው። የፈቃድ ጥያቄውን ከሥርዓቱ ማጥፋት ለማሰሻው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ፕሮግራም በር ይከፍታል። ማሰሻውን ዘወትር በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲነሣ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣን ይዘት የሚያነብ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይሠራልና። ሐሰተኛ የማሻሻያ ጥያቄዎች የሚያጠምዱትም ሳያነብ «አዎ» ማለት የለመደውን ሰው ነው። በጥያቄው ላይ የተጻፈው የአሳታሚ ስም ያልታወቀ ከሆነ ወይም ጥያቄው የመጣው ከድረ ገጽ ከወረደ ፋይል ከሆነ መፍቀድ አይገባም።

አንድ የቤተ ሙከራ ሁኔታ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልስ ሶፍትዌር ከተጫነበት ማሻሻያው በትክክል ቢጫንም በማግስቱ ይጠፋል፤ የፈቃድ ጥያቄውም ካለ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አገልግሎቱን መጠገን ዋጋ የለውም። ጥበቃው ለተወሰነ ሰዓት ተነሥቶ፣ ማሰሻው ታድሶ፣ አዲሱ ይዞታ መነሻ ሆኖ እንደገና መቆለፍ አለበት።