ተዘግቶ የቈየ መንገድ

አንባቢ ሆይ፤ ያሰብኸው ሥራ ባልተከናወነልህ ጊዜ እግዚአብሔር ትቶኛል ብለህ አትፍረድ። የኦኔሲሞስ ነሲብን ኑሮ ተመልከት። ይህ ሰው በልጅነቱ ከኦሮሞ አገር ተሰርቆ ተሸጠ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ። ካመነ በኋላ ምኞቱ አንድ ነበረ፤ ይኸውም ወንጌልን ለወገኖቹ ማድረስ። በ1881 በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይደርስ ተመለሰ። ደግሞም ሞከረ፤ መንገዱ አልተከፈተለትም።

ቢሆንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በምንኩሉ ሳለ ከአስቴር ጋኖ ጋር እየደከመ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1893፣ መላው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን በሕዝቡ ቋንቋ ይዞ ባልገባ ነበር።

እንግዲህ እምነት ማለት መከራ አያገኘኝም ማለት አይደለም፤ በዘገየውም ቀን እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ብሎ መሥራት ነው። በፈተና የወደቅህ ተማሪ፣ ንግድ የከሰረብህ ወንድም ሆይ፤ ስለ ነገው በር ጸልይ፤ ዛሬ በእጅህ ያለውን ሥራ ግን አትተው። በሩ ባይከፈትም እንኳ በታማኝነት የተሠራ ሥራ በእርሱ ዘንድ አይጠፋም።