ማን ያስረዳ? የማስረዳት ሸክም በግብር ክርክር ውስጥ

በችሮ (አሰበ ተፈሪ) ስለ ግብር ወሬ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ይህን ያህል ሸጠሃል ያሉኝ እነሱ፤ ታዲያ አልሸጥኩም ብዬ የማስረዳው እኔ ነኝ እንዴ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በሕግ ትምህርት ግን «የማስረዳት ሸክም» የሚባል ትልቅ ርዕስ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ለጋዜጠኝነት ተማሪ በሚመች መንገድ ለማየት እሞክራለሁ።

ከወንጀል እንጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) መሠረት ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ የሚያስረዳው ዐቃቤ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል። በሁለቱም መንገድ የሚያስረዳው ጠያቂው ነው።

ግብር ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በአንቀጽ 59 የታክስ ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙን በግብር ከፋዩ ላይ ይጥላል። አዋጁ በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ሰጠ፤ ይግባኝ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለማቅረብ ደግሞ ከተከራከሩበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈልን ጠየቀ። የችሮ ትንሽ ነጋዴ የሚገብረው ለክልሉ ስለሆነ የሚመለከተው የኦሮሚያ ሕግ ነው። የፌዴራሉን የጠቀስኩት መርሁን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ምክንያት የለውም አይባልም። ምን ገዝቶ ምን እንደሸጠ የሚያውቀው ነጋዴው ራሱ ነው። ደረሰኝና መዝገቡ በእጁ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በየሱቁ ቁጭ ብሎ ሊቆጥር አይችልም።

ችግሩ መዝገብ የሌለው ነጋዴ ላይ ነው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ የሚከፍለው በግምት ነበር። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ብዙ ነጋዴ በዛብን ብሎ ጮኸ። በሐምሌ ወር በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘጉ።

እስቲ ሒርና ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸውን አንዲት እናት እናስብ። ገማቾቹ በገበያ ቀን መጥተው ሽያጩን አዩና ያንኑ የየቀኑ አደረጉት እንበል። እሳቸው መዝገብ ያዙ አልተባሉም። ታዲያ ማክሰኞ ሱቁ ጭር ብሎ መዋሉን በምን ያስረዱ? ያልተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ የለውም!

እኔ እንደሚመስለኝ ሸክሙን መጣል ብቻውን በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ማስረጃ ያዝ ያልተባለን ሰው በኋላ ማስረጃ አምጣ ማለት ነው። ቢያንስ ገማቹ በየትኛው ቀን፣ ምን አይቶ፣ እንዴት አስልቶ እንደገመተ አስቀድሞ ጽፎ ሊሰጥ ይገባል። ያኔ ነጋዴዋ የምትሞግተው ነገር ታገኛለች።

ለኛም ትምህርት አለው። እንዲህ ያለ ክርክር ስንዘግብ «ነጋዴው በዛብኝ አለ፣ ኃላፊው ግምቱ ትክክል ነው አለ» ብለን ብንዘጋው ሚዛናዊ የሆንን ይመስለናል። ግን አንባቢው ምንም አላወቀም። ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ በሕጉ ማስረዳት ያለበት ማን ነው? ማስረጃውስ በማን እጅ ነው? የሁለቱ መልስ የተለያየ ከሆነ ዜናው እዚያ ጋ አለ።