ከስፌት መኪናው አጠገብ የሚከፈት ትምህርት

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚወስደውና መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጃፍ ላይ ዘርግተው ይሠራሉ። እዚያ ሙያ የሚለምድ ልጅ ሲሳሳት ጌታው ወዲያው ያርመዋል። የኮሌጅ ሠልጣኝ ግን አንዱን አሠልጣኝ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ስለሚጋራ ወረፋ ይጠብቃል። አሳታፊ የሞባይል ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህች የመጠበቂያ ጊዜ ነው።

ሞጁሉን በፒዲኤፍ በቴሌግራም መላክ መጽሐፉን ወደ ትንሽ ስክሪን ማዛወር ብቻ ነው። አሳታፊ የሚባለው ትምህርት ይጠይቃል፣ የሠልጣኙን ውሳኔ ይጠብቃል፣ እንደ መልሱም የተለየ ምላሽ ይሰጣል።

አንድ ምሳሌ እንይ። ጨርቁ ሲገለበጥ ከሥሩ ክር ተተብትቧል። ፎቶውን አሳይተን «መጀመሪያ የቱን ትፈትሻለህ?» ብለን እንጠይቅ፤ ምርጫዎቹ ቦቢኑ፣ የላይኛው ክር እና መርፌው ይሁኑ። ትብትቡ የታየው ከሥር ስለሆነ ቦቢን ማለት ይቀናል። ምላሹ «ተሳስተሃል» ብሎ ካበቃ ምንም አላስተማረም። ምክንያቱን መናገር አለበት፦ ከሥር የተንዠረገገው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው፤ የሚይዘው ስላጣ ወደ ታች ወረደ። መጫኛ እግሩ ዝቅ ብሎ ክር ከተሰካ፣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች ተጋጥመው ስለሚቆዩ ክሩ በመሃላቸው አይገባም። ስለዚህ እግሩን አንሣ፣ ክሩን ከመነሻው እንደገና ስካ። ቀጥሎ ትምህርቱ ሠልጣኙን ስልኩን አስቀምጦ በመኪናው ላይ እንዲሞክር ያዝዘዋል። መኪናው ሲዞር ስልክ በእጅ መያዝ የለበትም።

የትምህርቱ ቪዲዮ የሚቀረጸው በሠልጣኙ ኮሌጅ መኪና ነው። በብዙ የቤት መኪናዎች የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ኋላ ይዞራል፤ የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ብዙውን ጊዜ ክብ ስለሆነ አቅጣጫውን ለማወቅ የሚታየው ረጅሙ ቦይ ነው። ከኢንተርኔት የተገኘ የሌላ መኪና ቪዲዮ ሠልጣኙን ያሳስታል።

የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ በከተማው አማርኛም በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ ምስሉ ላይ ጽሑፍ አይታተምበት፤ ድምፁ ለብቻው ይቀረጽ፣ በየቋንቋው ይቀየራል። የመኪናው ክፍሎች ሰፊዎች በሚጠሯቸው ስም ይነገሩ፤ በሙያ ደረጃው ላይ ያለው ስምም ይጨመር፣ በብቃት ምዘና ላይ የሚያጋጥመው እሱ ነውና።

መሣሪያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በነፃ የሚገኘው ኤች-ፋይቭ-ፒ የተባለ መሣሪያ በቪዲዮ መሃል ጥያቄ ያስገባል፤ ሙድል የተባለው የትምህርት መድረክ መተግበሪያ ደግሞ ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ያስችላል። ሙድል ለሌለው ኮሌጅ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የቴሌግራም ፈተና ይበቃል፤ ለስህተት መልስ ማብራሪያ ማያያዝም ይቻላል። ቪዲዮው አጭር፣ ፋይሉም ቀላል ይሁን፤ ዳታ የሚገዛው ሠልጣኙ ራሱ ነው።

መቀስ አያያዝንና የጨርቅን ስሜት ስልክ አያስተምርም። ያ የእጅና የአሠልጣኝ ድርሻ ነው።

እናንተ አሠልጣኞች፣ ሙሉውን ሞጁል ለመቀየር አትነሡ። በወርክሾፓችሁ ደጋግሞ የሚታየውን አንድ ስህተት ምረጡ፣ አንድ ትምህርት ሥሩለት። ከዚያ ለአንድ ሠልጣኝ ስጡት፤ አታስረዱት፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ጣቱ ግራ የተጋባበትን ቦታ አስተካክሉ፤ ሁለተኛውን ትምህርት ከዚያ በኋላ ጀምሩ።